በእኔ ዋስትና የሄደችበት ትያትር

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ጉዞ አቅጄ ነበር። አርባ ተማሪዎች በማለዳ ከመሐል ሜዳ ተነስተው ደብረ ብርሃን፣ ትያትርና ሙዚቃ የሚታይበት አዳራሽ ገብተው፣ በዚያው ቀን የሚመለሱበት ጉዞ ነው። ሥራውን የሰጡኝ የአማርኛ መምህራችን ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ክበቡን የሚመሩት እሳቸው ሲሆኑ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ጠሩኝና፣ ትያትር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ስለ ትያትር ማስተማር እንደሰለቻቸው፣ ዘንድሮ ግን ይዘውን ለመሄድ እንደቆረጡ ነገሩኝ። ከዚያም፣ "አንቺ ጥንቁቅ ነሽ። ይህን ነገር አንቺ ካልያዝሽው አይሆንም" አሉኝ።

ሰው ሲያመሰግነኝ ያለ የሌለ ጉልበቴን የምሰጥ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ብዙ አልተለወጥኩም። ያን ዕለት ወደ ክፍሌ የሄድኩት እየሮጥኩ ነው።

መጀመሪያ ቀን ፈለግኩ። የእኛ አገር ሰው ዐቢይ ጾም ከገባ ልጁን ዘፈንና ውዝዋዜ ወዳለበት አይልክም። ጉዞው ከጾሙ በኋላ ይሁን እንዳልል ደግሞ ፈተና ይደርሳል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ቅዳሜ ያዝኩ። ቀጥሎ ለርእሰ መምህሩ ማመልከቻ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ማኅተም ለማስመታት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አንዱን ቀን ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዶ ነበር።

የአዳራሹን ስልክ ከመምህራችን ተቀብዬ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ትዕግሥተኛ ነበረች። ወንበሩ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውጭ ይሁን ውስጥ፣ ቆሎ መብላት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቅኳት። ቆሎው ላይ ስደርስ ሳቀች። "ቀስ ብላችሁ ከቆረጠማችሁ ማን ይሰማችኋል" አለችኝ። የነገረችኝን ሁሉ ጻፍኩ። ወንበሮቹ ወደ ኋላ ከፍ ከፍ እያሉ የሚሄዱ ናቸው። ደወል ሦስት ጊዜ ይደወላል፤ በሦስተኛው መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ከቦታው አይነሳም። መኪና የሚያዞራቸውን ልጆች በየክፍሉ እየዞርኩ ጠይቄ መስኮት አጠገብ መደብኳቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ፌስታልና የሚያሸቱት ግማሽ ሎሚ ያዝኩላቸው። ጣርማበር ላይ ጉም ሊኖር ስለሚችል ጋቢ ወይም የሱፍ ባና ያልያዘ አይሳፈርም ብዬም ጻፍኩ። መምህራችን አንብበው፣ "ዘመቻ ነው እንዴ የምንሄደው?" ብለው ሳቁ፤ ነገር ግን ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ።

በክበቡ ስብሰባ ላይ ቀየት ከሚባል ገጠር የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ትያትሩ ላይ ሰው የሚሞት ከሆነ የሞተው ሰው መቼ እንደሚነሳ ጠየቀ። ሁሉም ሳቀበት። እኔ ግን ጥያቄውን በዝርዝሬ ላይ ጨመርኩትና ሴትዮዋ ዘንድ እንደገና ደወልኩ። መብራት ሲጠፋ ነው የሚነሳው አለችኝ።

አሁን ስለ ጓደኛዬ ልናገር። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ነበርን። ሁለታችንም የገጠር ልጆች ነን፤ የእኔ ቤት ከመሐል ሜዳ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ የእሷ ቤት ደግሞ ከእኛ አልፎ፣ ጓሳ ከሚባለው ደጋ ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ መንገድ መጥተን በዚያ ዓመት የምንማረው እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከገጠር የመጣ ተማሪ አርብ አርብ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔና እሷ ግን ተራ ነበረን። አንዷ ትሄድና የሁለታችንን በሶ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተሸክማ እሁድ ትመለሳለች፤ ሌላዋ ቀርታ ታጠናለች። እንዲህ ሁለት ዓመት ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ያንቺ ሽሮ የኔ ሽሮ ተባብለን አናውቅም። እሷ ስትሄድ እናቴ እንደ ልጇ ታሳድራታለች፤ እኔም ስሄድ ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ቤት ደርሼ ስንቋን እቀበላለሁ።

ወላጅ የሚፈርምበት የፈቃድ ወረቀት ሲሰጥ የእሷ አባት አልፈርምም አሉ። ምክንያታቸውን አውቀዋለሁ። ታላቅ እህቷ ከዓመታት በፊት ለአንድ ቀን ጉዳይ ብላ ደብረ ብርሃን ሄዳ አልተመለሰችም፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዐረብ አገር ገባች። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ለእሳቸው ልጅ የምትበላ ከተማ ናት። ወረቀት የመመለሻው ቀን አለፈ፤ አርባው ስም ሞላ። ጓደኛዬ አላለቀሰችም። ብቻ ስለ አዳራሹ አንድ ነገር በሰማሁ ቁጥር እንድደግምላት ትጠይቀኛለች፤ ስለ ደወሎቹ፣ ስለ ወንበሮቹ። ያን ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ በተራዬ ስንቅ ልቀበል ስሄድ አባቷን ልለምናቸው ቆረጥኩ።

ደጅ ላይ ቀንበር እየጠረቡ አገኘኋቸው፤ አንድ ጎረቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ነገሩን ስጀምር መጥረቢያቸውን አላቆሙም።

"ትያትር ማለት ያ አዝማሪው ነው?" አሉኝ።

"አይደለም አባባ። የሰው ኑሮ ነው የሚያሳዩት። አንዱ አባት ይሆናል፣ አንዷ ልጅ ትሆናለች።"

"አባትና ልጅማ እዚሁ አለን። ስንጨቃጨቅ መጥተሽ እዪን፤ ምን ደብረ ብርሃን ያስኬድሻል?"

ጎረቤቱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን አልተነሳሁም። ጉዞው በቀን ሄዶ በቀን እንደሚመለስ፣ መምህራን አብረውን እንደሚሄዱ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሳይቀር የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ አስረዳኋቸው። ብዙ ከሰሙ በኋላ መጥረቢያውን አስቀመጡና፣ "ዋሷ ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ ለራስሽም ዋስ ትጠሪያለሽ እንጂ!"

"ተዋት እንግዲህ" አሉ ጎረቤቱ። "ይህችን ልጅ አውቃታለሁ። ቃሏ ከብዙ ወንድ ይሻላል።"

በእኛ አገር ዋስ መሆን የአፍ ወግ አይደለም። ዋስ የሆነ ሰው አቅርብ ሲሉት ያቀርባል፤ ካላቀረበ ገበያ ወጥቶ ሰው ፊት መቆም ያፍራል። ስለ በሬ ሽያጭ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ ጋብቻ ሰዎች ዋስ ሲጠሩ አይቻለሁ፤ ሴት ልጅ፣ ያውም ተማሪ፣ ስትጠራ ግን አላየሁም። አባቷ አስነሱኝ። በጎረቤታቸው ምስክርነት "ዋስ ነኝ" አሰኙኝ። ከዚያም፣ "በእጅሽ ወስደሽ በእጅሽ ትመልሻታለሽ። ካለ አንቺ አንድ እግር አታነሳም። ሰምተሻል?" አሉ። ሰምቻለሁ አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶዬ አጥቁረው ወረቀቱ ላይ አተሙልኝ።

ወረቀቱን ይዤ ስመለስ መምህራችን አርባው እንደሞላ አስታወሱኝ። አንድ ሰው መቅረቱ መቼም ስለማይቀር ተጠባባቂ አድርጌ እንድጽፋት ነገሩኝ። ስሟን ከዝርዝሩ ግርጌ፣ የመጀመሪያዋ ተጠባባቂ ብዬ ጻፍኩና በቀይ አሰመርኩበት። ያን ቀን ጓደኛዬ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። አንድ ሰው እንዲታመም ሁለታችንም እየጸለይን ነው እያልን ስቀናል።

ጉዞው ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ስንቅ የማምጣት ተራው እንደገና የእኔ ሆነ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ አርብ ከምሳ በኋላ ያለውን ትምህርት አስፈቅጄ ወጣሁ። መምህራችንን በር ላይ አገኘኋቸው፤ እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ። ጓደኛዬ ከአጥሩ ድረስ ሸኝታኝ፣ እናቷን በርበሬ እንዳትረሳ ንገሪያት አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ቤት ስደርስ እናቷ ከስንቁ ሌላ ጭኮ አሽተው ጠበቁኝ። ጾሙ ሳይገባ ቅቤ እንደልባቸው አድርገውበታል። "ይኼ ለመንገዳችሁ ነው፤ አሁን እንዳትነኩት፤ የዛሬ ሳምንት አውቶቡሱ ላይ ነው የምትበሉት" አሉኝ። አባቷም፣ "ቅዳሜ ነው አይደል?" ሲሉ ጠየቁኝ። "አዎ አባባ፣ ቅዳሜ ነው" አልኳቸው። ይህን የተባባልነው ረፋድ ላይ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሁለት ከረጢት አዝዬ መሐል ሜዳ መግቢያ ላይ ስደርስ ያ የቀየቱ ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

"እሺ፣ ሰርጉ እንዴት ነበር?" አለኝ።

"የምን ሰርግ?"

"የዘመድሽ ሰርግ ነዋ። እኛማ ትያትራችንን አይተን መጣን። ደግሞ ልክ ነሽ፤ የሞተው ሰውዬ መብራት ሲጠፋ ነው ተነስቶ የሄደው።"

ከረጢቶቹን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረኝ። አዳራሹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለስብሰባ ይፈለጋል ተብሎ አርብ ከሰዓት ተደውሎ ነበር። ጾሙ ስለሚገባ ወደፊት መግፋት አልተቻለም፤ መምህራችን የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን ብለው አስታወቁ። ሌሎቹ ገና ወደ ገጠር ስላልወጡ ከእኔ በቀር የጎደለ አልነበረም። ስም የተጠራው ከእኔ ወረቀት ላይ ነው። የጠራችው ደግሞ ጓደኛዬ ናት። የእኔ ስም ጋ ስትደርስ ለሰርግ ቀርታለች፣ በእሷ ቦታ እኔ አለሁ ብላ አለፈች።

ክፍላችን ስገባ ጫማዋን እያጠበች ነበር። ስታየኝ ተነስታ ከጀርባዬ ሸክሙን ልታወርድልኝ መጣች። ራሴ አወረድኩት።

"ደውዬልሽ ነበር" አለች። "ኔትወርክ እምቢ አለ።"

ገጠር ስሄድ የምገኘው በወንድሜ ስልክ ነው፤ አርብ ከሰዓት በዚያው ስልክ አጎታችንን ሲያነጋግር አጠገቡ ነበርኩ። ይህን ነገርኳት። ጫማዋን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

"አንድ ወንበር ብቻ ነበር የሚተርፈው" አለች። "ብደውልልሽ አመሻሽ ላይ ትደርሺ ነበር። ከደረስሽ እኔ እቀራለሁ።"

"ሰርጉን ከየት አመጣሽው?"

"ቲቸር የት ሄደች ሲሉኝ አፌ ላይ መጣ።" ጫማዋን መልሳ አንስታ፣ "አንቺ ሌላ ጊዜ ታዪዋለሽ" አለች። "አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ትልቅ ከተማ ትገቢያለሽ። እኔን ማን ይወስደኛል?"

ጠብ ብፈልግ ኖሮ የምለው ነገር ሞልቶ ነበር። እኔ ያሰብኩት ግን ወረቀቱን ነው፤ ስሜን አንብባ ስታልፍ ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ። ከከረጢቱ ጭኮውን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩና እናትሽ ለመንገድ ብለው ነው አልኳት። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። አባቷ ከሰሙ በማግስቱ መጥተው ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጧት፣ ለፈተናው ሦስት ወር ብቻ እንደቀረ፣ እሷም እንደ እህቷ ተቆጥራ ቤት እንደምትቀር እየደጋገመች ነገረችኝ። ውሸት አልነበረም። አባቷን አውቃቸዋለሁ። ካለ አንቺ አንድ እግር አታነሳም ያሉትም ለእኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት መምህራችንን መምህራን ክፍል በር ላይ ጠብቄ ለምን እንዳልደወሉልኝ ጠየቅኳቸው። የወንድሜ ስልክ በዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ ከሚለው ሥር ተጽፎ ነበር።

"ቸኩለን ነበር እኮ" አሉኝ። "ጓደኛሽ እንደማትመጪ ነገረችኝ። ጓደኛሽን ካላመንኩ ማንን ልመን?"

ሰርግ እንዳልነበረብኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ዋናው ነገር ልጆቹ ማየታቸው እንደሆነ፣ ይህንንም እኔ ከማንም በላይ እንደምረዳው ነገሩኝ። "ዕቅድሽ ግን በጣም ነው የጠቀመን" አሉ። "አንድም ልጅ አላስታወከም።"

እኔም አመሰግናለሁ ቲቸር አልኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንቺ ካልያዝሽው አይሆንም ያሉኝ ሰው ናቸው፤ እኔ ሳልኖር ደግሞ ሆነ፤ ፌስታሉም ሎሚውም በየቦታው ደረሰ። እኔ ግን ቆሜ አመሰገንኩ። ተመልሼ ክፍል ስገባ የቀን መቁጠሪያዬ ላይ ያንን የመጨረሻ ቅዳሜ ያከበብኩበት ክብ ገና እንዳለ ነበር።

ያቺ ቅዳሜ መድረሷ አልቀረም። ለአባቷ ቅዳሜ ነው ብያለሁ። ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ ከእኛ መንደር በግና እህል ይዞ የማይመጣ የለም። ስለዚህ በዚያ ቀን ሁለታችንም ደብረ ብርሃን የሄድን መምሰል ነበረብን። በሩን ከውስጥ ቀርቅረን፣ መስኮቱን ዘግተን ዋልን። አከራያችንን ራሳችንን አሞናል አልናቸውና አጥሚት ልስራላችሁ ብለው ሁለት ጊዜ አንኳኩ። ከውጭ የምናውቃቸውን ሰዎች ድምፅ እንሰማ ነበር። አንድ ጊዜ የአክስቴ ባል ከአከራያችን አጥር ሥር ቆሞ ስለ በግ ሲከራከር ሰማሁት። ጓደኛዬ ልታወራኝ ሞከረች። ግድግዳውን አይቼ ተኛሁ። በዕቅዴ መሠረት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛው ደወል ይደወላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሰዓቴን አየሁ። በዚያች ደቂቃ ከጎኔ ጭኮውን ቀስ ብላ ስትበላ እሰማታለሁ። ጾም ሊገባ ነበርና ማለቅ ነበረበት።

አባቷ ማክሰኞ መጡ። ወረዳ ጉዳይ ነበራቸው፤ እሱን ጨርሰው ባናቸውን እንደተከናነቡ ክፍላችን ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጓደኛዬ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

"እህ፣ ያ የሰው ኑሮ እንዴት ነበር?" አሉ።

ልጃቸው አፏን ስትከፍት በዱላቸው ወደ እኔ አመለከቱ። "አንቺ ንገሪኝ። ዋስ አንቺ ነሽ።"

ነገርኳቸው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት እንደተነሳን፣ ጣርማበር ላይ ጉም እንደነበር፣ የሚያዞራቸው ልጆች መስኮት አጠገብ እንደተቀመጡ ነገርኳቸው። ወንበሮቹ ወደ ኋላ ከፍ ከፍ እያሉ ስለሚሄዱ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሁሉን እንደሚያይ፣ ደወሉ ሦስት ጊዜ ሲደወል ሰው ሁሉ ጸጥ እንደሚል፣ መብራቱ ጠፍቶ ትልቁ ቀይ መጋረጃ ቀስ እያለ ሲከፈት ልብ እንደሚመታ ነገርኳቸው። አንድ ሰውዬ እንደሞተና በጨለማው ተነስቶ እንደሄደ ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። እየተናገርኩ ሳለ እኔ ራሴ እያየሁት መጣሁ። ማፈር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው፤ ግን አላፈርኩም። ለአንድ አፍታ ከእነሱ ጋር የሄድኩ መሰለኝ።

"ጎን ለጎን ተቀመጣችሁ?"

"ጎን ለጎን።"

"አስፋልት ስትሻገሩስ?"

"እጇን ይዣት ነበር አባባ።"

ልጃቸው ወለሉን እያየች ነበር። እሳቸው ሁለታችንንም መረቁን፤ እኔን ለብቻዬ ጨምረው፣ ቃልሽ አይታጠፍ፣ ያሰብሽው ይሙላ አሉኝ። አሜን አልኩ። ያ ምርቃት እንደ ዕዳ ነው የተቀመጠብኝ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሽማግሌ መርቆኝ እንደዚያ ቀን ራሴን መሰወር ፈልጌ አላውቅም።

ጓደኛዬ የሚጠጣ ውሃ ልታመጣ ወጣች። ያን ጊዜ ለአባቷ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከዋስትናዬ እንዲያወርዱኝ ለመንኳቸው።

"ምን አጠፋች?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ምንም ካላጠፋች ለምን ትወርጃለሽ?"

የአልጋውን ልብስ ጠርዝ አስተካከልኩ። ፊቴን ቆየት ብለው አዩት፤ ቀጥሎም በሩን፣ ልጃቸው የወጣችበትን።

"ዋስ እንዲያው አይወርድም" አሉ በመጨረሻ። "የሚተካ ሰው አምጥቶ ነው የሚወርደው። እዚህ ከተማ ከአንቺ ሌላ ሰው አላት?"

"የላትም።"

"እንግዲያስ እስከ ፈተናው ቻይው።"

ሁሉን ገብቷቸው ይሁን ወይስ ልጆች ተኳረፉ ብለው፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ውሃውን ጠጡ፤ ልጃቸውን በርቺ አሏት፤ እንዳትዘገዪብኝ አርብ እጠብቅሻለሁ ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ወደ እኔ ግን ዳግመኛ አልተመለከቱም።

ጓደኛዬ በሩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ይቅርታ ትለኛለች ብዬ።

"መጋረጃው ቀይ አይደለም" አለችኝ።

"ምን?"

"ቀይ ነው ብለሽ ነገርሽው። ጥቁር ነው። ተራ ጥቁር ጨርቅ ነው፤ መሃሉ ላይ ተቀዶ ተጥፏል።"

የስልኳ ሴትዮ ቀለሙን አልነገረችኝም ነበር፤ እኔም ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ቀዩን የጨመርኩት ከራሴ ነው። ጓደኛዬ ይህን ያለችው ልታርመኝ ይሁን ወይስ ብዙ አልቀረብሽም ልትለኝ አላውቅም። ሌላም ልትነግረኝ ፈልጋ ወደ አልጋው ቀረብ አለች። ስለ መድረኩ፣ ስለ ተዋንያኑ፣ የሞተው ሰውዬ ማን እንደሆነና ለምን እንደሞተ መስማት በጣም እፈልግ ነበር። የሒሳብ መጽሐፌን ገለጥኩና ጀርባዬን ሰጠኋት። ለፈተናው ሦስት ወር የማይሞላ ጊዜ ቀርቶታል፤ እስከዚያ ዋሷ እኔ ነበርኩ።